አርብ ጠዋት የዋሸሁት ስም

አርብ ጠዋት ነው... ዶሃ ላይ ቅዳሴ በእረፍት ቀን፣ አርብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ደብተር ይዞ ቆሟል። ሳየው ፖሊስ መሰለኝ።

አሁን ወረቀቴ ስለተስተካከለ ነው እንደ ልቤ የማወራው። ያኔ ግን የምሠራበትን ማዳም ቤት ጥዬ ከወጣሁ ገና አስራ ሁለት ቀኔ ነበር። ኢቃማዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እዚያው ቀርቷል። ከተያዝኩ ተጠርዤ አገሬ መግባቴ ነው። ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ክፍሏ ያስጠጋችኝ ሰናይት ናት «ያላ ተነሺ፣ እናስቀድስ» ብላ ጎትታ ያመጣችኝ።

«እህቴ፣ አዲስ ነሽ መሰለኝ?» አለኝ ሰውዬው።

ዞር ስል ሰናይት የለችም። ቀድማኝ ገብታለች።

«ስምሽ?»

«ሀና።» ውሸት።

«ሹግል የት ነው? የምትሠሪው?»

«ሉሰይል... ሆቴል።» ሌላ ውሸት። ሉሰይልን ረግጫት አላውቅም።

«ክርስትና ስምሽስ?»

እዚህ ላይ የራሴን መናገር ፈራሁ። በክርስትና ስም ማን ሰው ያስራል አትበሉኝ፣ የፈራ ሰው አያስብም። አፌ ላይ የመጣልኝን «ወለተ ሚካኤል» አልኩት። እሱም ጻፈው።

የእናቴ ስም ነው። እናቴ ከሞተች ደግሞ ስምንት ወሯ ነበር። መርዶዋን የሰማሁት ማዳም ቤት ሆኜ በስልክ ነው። ሰው እንዳይሰማኝ ባኞ ቤት ገብቼ፣ ውሃ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት።

ቅዳሴው አለቀ። እፎይ ልል ስል ቄሱ ያንን ደብተር ይዘው ብቅ አሉ። ለካ አዲስ የመጣ ሰው በክርስትና ስሙ ይጠራል፣ ይቆማል፣ ሕዝቡ «እንኳን ደህና መጣህ» ይለዋል፣ ይጸለይለታል...

«ወለተ ሚካኤል!»

ከፊቴ ካለችው ሴት ጀርባ ተሸጎጥኩ።

«ወለተ ሚካኤል! ዕድሜና ጤና ይስጥሽ ልጄ፣ ተነሺ እስቲ!»

በእግዚአብሔር ቤት ለሞተች እናቴ ዕድሜ እየተለመነላት ነው... በእኔ ውሸት! እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ፖሊስ ነበር። አሁን እግዚአብሔርን ፈራሁ። ባለ መነጽሩ ሰውዬ በሴቶች በኩል የእያንዳንዷን ፊት እያየ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«ይቺ ናት አባ።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሳሁ።

«አባ... እኔ አይደለሁም። ወለተ ሚካኤል እናቴ ናት። ሞታለች። ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ስትቀበርም አልነበርኩም...»

አለቀልኝ፣ አሁን ውጪ ይሉኛል ብዬ ነጠላዬን ሰብሰብ አደረግኩ።

ቄሱ ደብተሩን ዘጉት። ቀስ ብለው «ነፍስ ይማር» አሉ። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «ነፍስ ይማር» አለ።

ከዚያ ከግቢው መውጣት አቃተኝ። የማላውቃቸው ሴቶች እየተቀባበሉ አቀፉኝ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። አንዲቷማ ከእኔ ብሳ አለቀሰች። በሾፌርነትና በጥበቃ የሚሠሩት ወንዶችም አንገታቸውን ደፍተው አጽናኑኝ። ባለ መነጽሩ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ «እኔም አባቴን አልቀበርኩም» ሲለኝ ዓይኑ ቀልቷል።

ስሜን ደብቄ የገባሁበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከስምንት ወር በኋላ ለቅሶ ደረሰኝ።