የዘለልኳቸው መስመሮች

ባለፈው ሳምንት ዐይኔን ልታይ ሄጄ ነበር። ስኳር ከያዘኝ ወዲህ በየዓመቱ ተመርመር ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር ስለማልወድ ባለቤቴ አስቴር ካልጎተተችኝ አልሄድም። ዐይኔ ውስጥ ጠብታ ጨመሩና ቅርብ ያለው ነገር ሁሉ ብዥ አለብኝ። የገዛ ጣቶቼን እንኳ መቁጠር አቃተኝ። ስንጨርስ የውጤቱን ወረቀት ሰጡን፤ ደረጃው ላይ ቆመን አስቴር ታነብልኝ ጀመር። ሁለት ሦስት መስመር ካነበበች በኋላ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ሌላው ተራ ነገር ነው" አለችኝ። "ደህና ነህ ነው የሚለው።"

ክንዷን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። "ሌላው ተራ ነገር ነው" የሚለው አነጋገር የእኔ ነበር። ዲላ ተማሪ ሳለሁ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት የምናውቀው እኔና በራሶ ብቻ ነን።

በራሶ የኢዲዶ ልጅ ነው፤ ኢዲዶ ከይርጋጨፌ ዳገቱን ወጥተው የሚደርሱበት የቡና አገር ነው። ገና በልጅነቱ ኩፍኝ ዐይኑን ወስዶበት ዱላ ይዞ ነው ያደገው። ዩኒቨርሲቲ የገባው ሕግ ሊያጠና ነበር። እኔ ኮምፒውተር እማር ነበር። ወላጆቼ ከሰላሌ መጥተው ዲላ አስፋልቱ ዳር ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣሉ፤ እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግኩ የከተማ ልጅ ነኝ። ችኩል ነኝ። አባቴ "ይሄ ልጅ ሲወለድም ቀኑን አልጠበቀም" ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ነው።

በግቢያችን የትም ያልተጻፈ አንድ ልማድ ነበር። ከምሳ በኋላ ዐይነ ስውር ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ጊዜ ያለው ሰው ሄዶ አጠገባቸው ቁጭ ይልና ያነብላቸዋል። በብሬል የተጻፈ የሕግ መጽሐፍ ከየት ይመጣል? ያላቸው የሰው አፍ ነበር። ማንም ሂድና አንብብ ብሎ አያዝህም፤ ብትቀርም ማንም አይጠይቅህም። እኔ ለበራሶ ሁለት ዓመት ሙሉ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት አንብቤያለሁ። በዚህ እኮራ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ዲላ ዝናብ ሲጀምር አያባራም። ቀዩ ጭቃ ጫማ ላይ ተለጥፎ ሰውን ያስረዝመዋል። እኔ እንዲያ ሆኜ እያለከለክሁ ስደርስ በራሶ ገና ከሩቅ በኮቴዬ ያውቀኝና "ሙሌ፣ ዛሬም አይሱዙ ነድተህ መጣህ?" ይለኛል። አገጩን ዱላው ላይ አስደግፎ ነው የሚያዳምጠው። አያቋርጥም፣ አያዛጋም። እኔ ነኝ የምሰለቸው። የሕግ መጽሐፍ አንብባችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ አንዱን ነገር ይነግርህና "ሆኖም" ብሎ ያፈርሰዋል፣ ከዚያ "ሆኖም"ን ሌላ "ሆኖም" ይከተለዋል። ከሥር ደግሞ በደቃቅ ፊደል ማስታወሻ ይደረደራል። እኔ ማስታወሻዎቹን መዝለል ጀመርኩ። ቀጥሎ ምሳሌዎቹን፣ ቀጥሎ ረጃጅሞቹን አንቀጾች። አንዳንዴ "ሌላው ተራ ነገር ነው" እለዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም ሳልል አልፋለሁ። ማን ያውቅብኛል?

የመጨረሻው ዓመቴ መጣ። በሰኔ ልመረቅ ነው፤ በራሶ ደግሞ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አንድ ቀን ከግቢው በር ላይ አቮካዶ ገዝተን ስንበላ፣ "አንተ ከሄድክ በኋላ እንግዲህ እንደገና ሰው መለመን ነው" አለ። ሊያሳዝነኝ ብሎ አልነበረም። እንዲያው ጮክ ብሎ ሲያስብ ከአፉ ያመለጠው ነገር ነው። እኔ ግን መላ መፈለግ ጀመርኩ።

በዐይነ ስውራኑ የማንበቢያ ክፍል ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ቫይረስ ሲያስቸግረው እኔው ዊንዶውሱን አጥፍቼ በምትኩ ሊኑክስ ጭኜበታለሁ። ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም መኖሩን፣ አማርኛም እየተንተባተበ እንደሚሞክር አውቅ ነበር። የመምህራኑን ጽሑፍ በፍላሽ እየተቀበልን ብንጭንበት በራሶ ማንንም አይለምንም። ችግሩ ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ የሚመጣ አይደለም። የሚሰጡህ ሶርስ ኮዱን፣ ጥሬውን ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ እዚያው ማሽኑ ላይ ራስህ ኮምፓይል አድርገህ የሚሠራ ፕሮግራም ታወጣበታለህ። ለበራሶ ይህን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

"ገባኝ" አለኝ በመጨረሻ። "እንሰቱን ከነሥሩ ሰጡህ። ፍቀህ፣ ቀብረህ፣ ቆጮ ማድረግ ያንተ ፋንታ ነው። መፋቂያውስ አለህ?"

መፋቂያው ነበር የሌለን። ፕሮግራሙ የሚሠራው ፓኬጅ የሚባሉ ሌሎች አጋዥ ፕሮግራሞች ቀድመው ከተጫኑ ብቻ ነው፤ እነዚያም በተራቸው ሌሎች ይፈልጋሉ። ክፍሉ ውስጥ ኢንተርኔት የለም። ስለዚህ የጎደለውን በወረቀት ጽፌ በባጃጅ ከተማ እወርዳለሁ፣ ጋሽ ሸምሱ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ በፍላሽ ጭኜ እመለሳለሁ፣ ጭኜ ስሞክር ደግሞ ሌላ ይጎድላል። ዝናብ ከጣለ መሥመሩ ይቋረጥና ጥበቃ ነው። ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ሲያዩኝ ሰላምታም ትተው "ዛሬስ ምን ጎደለ?" ማለት ጀመሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። አንዳንዱ ፓኬጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እንዲሁ ለሚጠቀምበት፣ ሌላው በእሱ ላይ አዲስ ነገር ለሚሠራ ሰው። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ እያመጣሁ "ይኸው አለ፣ አለ እኮ!" እያልኩ ከማሽኑ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። ሲገባኝ ግማሹን መንገድ እንደገና ተመላለስኩበት።

ፈተና አልቆ ለምርቃቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማሽኑ ምንም ሳይቃወም እስከ መጨረሻው ሄደ። በራሶ እናቱን ከኢዲዶ አስጠርቷቸው ነበር። ይርጋጨፌ ድረስ በእግራቸው ወርደው፣ ከዚያ በአውቶብስ በወናጎ በኩል መጥተዋል፤ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ጎመን በሳህን ቋጥረው። ሌሎች ሦስት ዐይነ ስውር ተማሪዎችም ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ የበራሶን ስም ጻፍኩና ጣቴን አነሳሁ።

"አሁን ይናገራል!" አልኩ። ቁልፉን ተጫንኩ።

ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ድምፅ ማጉያውን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ። ዘፈን ከፈትኩ፤ ዘፈኑ ይሰማል። ፕሮግራሙ ግን ጭጭ። አራቱ ዐይነ ስውራን ፊታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙረው ይጠብቃሉ። ያን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

"ማሽኑ አሮጌ ነው" አልኩ በመጨረሻ። "አይችልም።"

እናቱ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ብላ ልጄ፣ ደክሞሃል። ዕቃ ነው፤ ዕቃ እምቢ ይላል" አሉኝ። ቆጮውን ጎረስኩ።

እናቱን መናኸሪያ አድርሰን ስንመለስ ካፊያ ነበር። በራሶ ክንዴን ይዟል።

"ሙሌ" አለኝ፣ "ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለውንና የሌለውን ይፈትሻል ብለኸኝ ነበር። ያን ረጅም ዝርዝር አነበብከው?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም አልኩህ እኮ!"

አላነበብኩትም። ያ ዝርዝር በብዙ መቶ መስመር ይንጋጋል፤ "አለ፣ አለ፣ አለ" እያለ ሽቅብ ሲያልፍ እኔ የመጨረሻውን ብቻ ነበር ያየሁት።

በራሶ ቆመ። "አንተ ስትዘል እኔ አውቃለሁ" አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደድኩ። "ገጽ ሲገለበጥ ይሰማኛል። አንድ ገጽ ምን ያህል እንደሚቆይ ጆሮዬ ለምዶታል። ሳይደርስ ሲገለበጥ እሰማዋለሁ። የውል ሕግ ፈተና ላይ ትልቁ ጥያቄ የመጣው ከዘለልከው ነው።"

ያን ፈተና አስታወስኩ። ሲወጣ "እንዴት ነበር?" ብዬው "ደህና" ብሎኝ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ዝቅ ያለ ሆነ፤ መምህሩ ክፉ ነው ብዬ እኔው ስሳደብለት ዋልኩ። ይህን ሳስብ ፊቴ ጋለ። እንደ ጥፋተኛ ሰው ሁሉ መልሼ እሱኑ ተቆጣሁት።

"ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልከኝ? ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬህ ብትቀርስ?" አለኝ።

በጥፊ ቢያጮለኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ እንኳ አላልኩትም። ክንዴን እንደያዘ የመኝታ ክፍሉ በር ድረስ ሸኘሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ራት አልበላሁም። እናቴ የምርቃት ጭንቀት መስሏት ተወችኝ።

ሰኞ ጠዋት አስጠራሁትና ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥን። ፍተሻውን እንደገና አስጀምሬ፣ የሚጽፈውን ሁሉ አንዲት መስመር ሳልዘል ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት። እንግሊዝኛውን እያነበብኩ ያልገባውን በአማርኛ እነግረዋለሁ። ይሄ አለ። ይሄ አለ። ይሄ አለ። ጉሮሮዬ ደረቀ። በራሶ አገጩን ዱላው ላይ አድርጎ እንደ ድሮው ያዳምጣል። ሲሰለቸኝ አንዴ ቀና ብዬ አየሁትና ተመልሼ አነበብኩ።

ከግማሽ በላይ ከሄድን በኋላ "የድምፅ ማውጫ፣ የለም" አልኩና ቀጠልኩ።

"ቆይ" አለ በራሶ። "ምን አልክ?"

ያው ስህተት ነበር። የድምፁን ፓኬጅ አምጥቻለሁ፤ ግን የተጠቃሚውን ዓይነት እንጂ የሠሪውን አይደለም። ድምፁ በፕሮግራሙ ሕግ የግድ አይደለም፣ ያነበበውን ፋይል ላይም መቅዳት ይችላልና። ስለዚህ "የለም" ብሎ በአንዲት መስመር ነግሮኝ፣ ያለ ድምፅ ተሠርቶ አለቀ። ነግሮኝ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

"አፍ የሌለው አንባቢ ሠርተን ነበራ!" አለ በራሶና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከተማ ወረድኩ። ጋሽ ሸምሱ "ዛሬስ ምን ጎደለ?" አሉኝ። "የመጨረሻው ነው" አልኳቸው። "እሱንማ ስንቴ ብለኸኛል" አሉ። ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ኮምፓይል አደረግሁ፤ በዚህኛው ጊዜ እያንዳንዷን መስመር እያነበብኩ። ከዚያ የበራሶን ስም ጻፍኩ።

ተናገረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አስቀያሚ ድምፅ ነበር፤ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ቃሉን ይቆራርጠዋል፣ ጠብቆ የሚነበበውን ያላላል። በራሶ ግን ወንበሩን ወደ ድምፁ ሳበ። ይደሰታል፣ ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ፣ "የውል ሕጉ ጽሑፍ በፍላሽህ አለ አይደል? እሱን አስነብበኝ" አለኝ።

ከፈትኩለት። ማሽኑ ያነብ ጀመር። ዋናውን አነበበ፣ "ሆኖም"ን አነበበ፣ ሁለተኛውን "ሆኖም" አነበበ፣ ምሳሌውን አነበበ። ከዚያ እኔ ወደማላውቀው ቦታ ገባ። ከሥር በደቃቁ የተጻፈው ነበር፤ ዐይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ውል፣ ሕግ ሥልጣን በሰጠው ሰው ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም ይላል። እኔ ለዐይነ ስውር ሳነብ የዘለልኩት እሱን ነው። ተራ ነገር ነው ብዬ።

በራሶ እስከ መጨረሻው ሰማ። "ድገመው" አለኝ። ደገምኩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ በከንፈሩ አብሮ ያነበንብ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ፤ ድምፄን እንዳይሰማ ጥርሴን ነክሼ ነበር፣ ግን እሱ ምን የማይሰማው አለ?

"ያንተ ድምፅ ይሻላል" አለኝ፣ እጄን ፈልጎ ያዘና።

በራሶ ዛሬ ወናጎ ጠበቃ ነው። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። አሁን የሚያነብለት ስልኩ ነው፤ ያውም እኔ በማልከተለው ፍጥነት ያስኬደዋል። "አይሱዙውን እኔ ነኝ የምነዳው አሁን" ይለኛል። ስለዚያ ፈተና አንስተን አናውቅም።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ደረጃው ላይ፣ አስቴር "ሌላው ተራ ነገር ነው" ስትለኝ ዝም ልል ነበር። እውነቴን ነው። ከጠዋት ጀምራ ቆማለች፣ ደክሟታል፤ እኔ ደግሞ ያን ደረጃ የምወርደው በእሷ ክንድ ነው። ብታኮርፍብኝስ? ብታዝንብኝስ? እየዘለልኩ ያነበብኩለት በራሶ ሁለት ዓመት እንዴት ዝም ብሎ እንደተቀመጠ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በደንብ አልገባኝም ነበር ለካ። ሚስቴ ናት፣ ትወደኛለች፤ እንደዚያም ሆኖ ለመጠየቅ ፈራሁ።

"አስቱ" አልኳት፣ "ወረቀቱን አውጪውና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ሁሉንም።"

"አታምነኝም እንዴ?" አለች፣ ቅር ብሏታል።

"አምንሻለሁ። አንብቢልኝ።"

ተነፈሰችና ቦርሳዋን ከፈተች። ከስሜ ጀመረች።