ማሽን መረካከብ የተማርንበት መኸር

ድርጅት እንዴት እንደሚመራ መጠየቅ የጀመርሁት ሦስት ሆነን የሩዝ መውቂያ ማሽን ከገዛን በኋላ ነው። አንደኛው ሸሪክ የአክስቴ ልጅ ነው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሞተር ሲነሣ ድምፁን ሰምቶ ምን እንደጎደለው ይናገራል። ሁለተኛዋ ወረታ መገንጠያው ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ናት። ከሩዝ ሜዳው ለገበያ የሚወጣ ገበሬ ሁሉ ስለሚያውቃት የመውቂያ ቀጠሮ የምትይዘው እሷ ሆነች። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የእኔ ድርሻ አስተዳደር ተባለ፤ አስተዳደር ምን እንደሚሠራ ግን ከሦስታችን አንዳችንም አናውቅም ነበር።

ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ስላቋረጥሁ የማላውቀውን ነገር አንብቤ መያዝ ልማዴ ነው። ኔትወርክ ባለ ቀን ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አወረድሁ። ለአነስተኛ ድርጅቶች በተዘጋጀ የሁለት ቀን ሥልጠና ገብቼም የታደለንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድሁ። ሁሉንም አነበብሁ፤ አንዳንዱን ሦስት ጊዜ። የተጻፈው ግን መምሪያ መምሪያ ላለው ድርጅት ነበር። ለሦስት ሰውና ለአንድ ማሽን የሚሆነው የትኛው እንደሆነ መለየት ስላቃተኝ ምንም ሳላስቀር ወሰድሁት። ራዕይና ተልዕኮ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ማሽኑ በሚያድርበት መጋዘን ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። ማሽኑን ለመረካከብ የሚሆን አሥራ ሁለት ዓምድ ያለው ቅጽ በማስመሪያ አሰመርሁ።

ባለ ሱቋ ግድግዳው ፊት ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ራዕያችንን አየሁት» አለች። «ግራሶ የሚቀባው የትኛው መምሪያ ነው?»

የአክስቴ ልጅ ሳቀ። እኔ ግራሶ በቅጹ ሰባተኛ ዓምድ ላይ እንዳለ አሳየኋት።

ቅጹን ግን ማንም አልሞላውም። እውነቱን ለመናገር ማሽኑን የያዝነው እንደ ቅንጃ በሬ ነበር። በእኛ አገር አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በተራ ያርሳሉ። እኛም ተራ አወጣን። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ይወቃል፣ አንድ ቀን እኔ። ባለ ተራው ጠዋት ቁልፉን ከሱቅ ወስዶ ማሽኑን ያወጣል፤ ማታ መልሶ ቁልፉን ሱቅ ይተዋል። ሁለታችን ማሽኑ አጠገብ አብረን የቆምንበት ቀን አልነበረም።

ኅዳር ላይ፣ ቀጠሮው በተደራረበበት ሳምንት፣ ነዶውን የሚመታው ብረት የሚዞርበት ኩሽኔታ ተቃጠለ። እኔም ባነበብሁት መሠረት ስብሰባ ጠርቼ ቃለ ጉባኤ ያዝሁ። አጀንዳ አንድ ብዬ፣ ኩሽኔታው የተቃጠለው በማን ተራ እንደሆነ ጠየቅሁ። መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። የተራ መዝገቡን ገልጬ የአክስቴን ልጅ ስም ጮክ ብዬ አነበብሁ።

«ይኼን ሁሉ ስታሰምር የከረምኸው ለካ እኔን ልትከስ ነው» አለ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። በማግሥቱ ድርሻው ተሰጥቶት ከድርጅቱ እንዲወጣ የሚጠይቅ ማመልከቻ በባለ ሱቋ በኩል ላከልኝ። ድርሻውን ለመስጠት ማሽኑ መሸጥ ነበረበት። ማሽኑ ከተሸጠ ደግሞ ድርጅት የሚባል ነገር አይኖርም። ባለ ሱቋ ማመልከቻውን ስትሰጠኝ፣ ገበሬው ነዶውን ከምሮ እየጠበቀ ስለሆነ ወረቀቴን ትቼ ሰውየውን እንዳመጣላት ነገረችኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር ከባጃጅ ወርጄ ወደ መንደራቸው በእግር ገባሁ። የአክስቴ ልጅ ቤት አልነበረም። አባቱ፣ የአክስቴ ባል፣ በራቸው ላይ አስቀምጠው ያጫውቱኝ ጀመር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቅንጃቸው የሆነው ጎረቤት በሬያቸውን እየነዳ መጣ። ለሽምብራ ሲያርስበት ውሎ ነው።

የአክስቴ ባል ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ ተነሡ። ቀንበር የሚያርፍበትን የበሬውን አንገት በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አራቱንም ሰኮና አንድ በአንድ አዩ። ጎረቤቱ ገመዱን እንደያዘ ይጠብቃል። ተመልሰው አንገቱ ላይ እጃቸውን አቆሙ።

«እዚህ ላይ ልጦታል» አሉ።

«ወደ መጨረሻው ነው። መሬቱ ጠጥሮ አስቸገረን።»

«እንግዲያ ነገ አይጠመድም።»

«አይጠመድም። የኔውንም አሳርፋለሁ።»

ሰውየው ገመዱን ሰጣቸው፣ ስለ ሩዝ አጨዳው ጥቂት አውርቶ ሄደ። አልተቆጡትም፤ እሱም አልከፋውም።

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲዳብሱት አላመኑኝም ብሎ አይቀየምዎትም?» አልኋቸው።

የማይጠየቅ ነገር የጠየቅሁ ያህል አዩኝ። «ጠዋት ሲወስደው እሱም ይዳብሰዋል። እኔ ዘንድ ያደረ ቁስል ካለ ጥፋቱ የኔ ነዋ። የሚያጣላው ሳይዳብሱ ተቀብሎ ሰንብቶ መጠየቅ ነው።»

ከሥልጠናው ባመጣሁት ወረቀት ላይ የንብረት ርክክብ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት እንደሚፈጸም ተጽፎ ነበር። ሦስት ጊዜ ያነበብሁት፣ በቀይ ያሰመርሁበት ዓረፍተ ነገር ነው። አሥራ ሁለቱን ዓምድ ያወጣሁት ከእሱ ተነሥቼ ነበር፤ ሁለት ሰው ማሽኑ አጠገብ ማቆምን ግን አላሰብሁም። ኩሽኔታው ግራሶ አጥቶ መድረቅ የጀመረው በእሱ ተራ ይሁን በእኔ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

የአክስቴ ልጅ ገለባ ተሸክሞ መጣ። ሸክሙን ካወረደ በኋላ ሰላም አለኝና ወደ አጥሩ ዞረ።

«ስብሰባው ላይ የጠየቅሁህ ልክ አልነበረም» አልሁት። «ማሽኑን ስትወስድም ስትመልስም አጠገብህ አልነበርሁም። አንተም እኔ ስይዘው አልነበርህም። ከእንግዲህ ሁለታችንም ሳንነካው ከእጅ አይወጣም።»

«ቅጽህስ?»

«አራት መስመር አደርገዋለሁ።»

«አንድ ሳምንት አያለሁ» አለ። «ማመልከቻዬ ግን እንዳለች ትቆይ።»

አዲሱን ኩሽኔታ ራሱ ገጠመው። የመጀመሪያው ቀን ተራ የእኔ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስወቃ ዋልሁ፤ ወደ ማታ እሱ ሊረከበኝ ማሳው ዳር መጣ። ባለ ሱቋም የነገውን ቀጠሮ ይዛ በባጃጅ ደረሰች። የአክስቴ ልጅ ኩሽኔታውን በመዳፉ ነካ፣ ከሞተሩ የተዘረጋውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ ከዚያ ክዳኑን ዙሪያውን ዳበሰ። ጥግ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«አንድ ብሎን የለም።»

ቀን ላይ ገለባ ወትፎ አስቸግሮኝ ክዳኑን ስከፍት የፈታሁት ነው። ነዶ ላይ እንዳስቀመጥሁት ረስቼ መልሼ ሳልገጥመው ቀርቻለሁ። ከሦስታችን በጥንቃቄ የሚታወቀው እኔ ነበርሁ።

«ጻፍ» አለኝ።

«የክዳን ብሎን አንድ ጎድሏል፤ በእኔ ተራ» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። እሱም አንብቦ ከሥር ፈረመ።

«የመጀመሪያው ተከሳሽ አስተዳደሩ ሆነ» አለች ባለ ሱቋ።

የአክስቴ ልጅ አልሳቀም፤ ከኪሱ ብሎን አውጥቶ እያጠበቀ ነበር። ሲጨርስ የነገው ማሳ የት እንደሆነ ጠየቃት።

በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ቺንጋ ላልቶ፣ አንድ ጊዜ ግራሶ ጎድሎ አገኘን፤ ሁሉም ሳይብስ ተስተካከለ። ሳምንቱ ሲሞላ ማሽኑን መጋዘኑ በር ላይ ስንረካከብ፣ በወሬ መካከል ማመልከቻውን ቀድጄ እንድጥላት ነገረኝ።

«አትቀደድም» አልሁት። «ገቢ ሆና ፋይል ገብታለች። ሰርዣለሁ ብለህ ፈርምባት።»

እየሳቀ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ወረቀቱን ክዳኑ ላይ ዘርግቶ «ሰርዣለሁ» ብሎ ጻፈ። ሊመልስልኝ እጁን ዘርግቶ ቆም አለና ቀኑን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት፤ እሱንም ጨመረበት።