አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር ጭንጫ

ወሬው የደረሰኝ ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ወሎ ያለችው የአጎቴ ልጅ ደወለች። ሰላምታችን ሲያልቅ ከፊቴ የነበሩት አራት ሰዎች ገብተው ነበር፤ የእኔን ጤና፣ የልጆቼን ጤና፣ የዝናቡን ነገር በየተራ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር፣

«የአባዬን መሬት ከለሉት» አለች።

«ማን?»

«ወረዳው ነዋ። ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ይሁን ተብሏል። ችግኝ ሊተክሉበት ነው። ጭንጫ ነው፣ ለእርሻ አይሆንም የሚል ወረቀት አለ አሉ።»

«የምን ወረቀት?»

«ያንቺ» አለች።

ረዳቱ፣ «እህት፣ የምትገቢ ነሽ የምታወሪ?» አለኝ። የማወራ ነኝ ብዬ ተራዬን ለቀቅኩ።

ሙያዬ አፈር ነው። አሁን የምሠራው አቃቂ በሰቃ ውስጥ ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ ነው፤ ሕንፃ ሊያቆሙ ያሰቡ ሰዎች የመሠረታቸውን አፈር ያመጡልናል። የዚህ አገር አፈር ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። ደንበኞቻችን የሚፈልጉት አለት ነው። «አለቱ ገና ሩቅ ነው» ስንላቸው በእኛ ይቆጣሉ፤ እኛ የቀበርነው ይመስላቸዋል። እኔ ግን ሥራ የጀመርኩት አለት ቶሎ ሲገኝ ሰው በሚያዝንበት አገር፣ በእናቴ ወገኖች ተራራ ላይ ነው።

ያኔ ሥራችን በየተራራው እየዞሩ ጉድጓድ ማስቆፈርና አፈሩን መመዝገብ ነበር። ነጥቦቹ ቢሮ ውስጥ በካርታ ላይ ይወሰናሉ፤ እኛ ጂፒኤስ ይዘን ነጥቡን ፈልገን እናስቆፍራለን። የጉድጓዱ አንድ ግድግዳ በቢላ ይጸዳል፣ ሜትር ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ቀለሙን አርጥቦ ከቀለም መጽሐፉ ጋር ማስተያየት፣ ጭቃውን በጣት እየጠቀለሉ ሸክላነቱን መገመት፣ ጠጠሩን ማየት፣ ሥሩ እስከ የት እንደወረደ መቁጠር ነው። ጥልቅ አፈር ግማሽ ቀን ይበላል። ጭንጫ ግን ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ድጅኖው ቀጭ ይላል፣ «ከዚህ በታች አለት» ተብሎ ይጻፋል፣ ወደሚቀጥለው ይኬዳል። ሳንነጋገር ሁላችንም ጭንጫ እንወድ ነበር።

ይሁንና ድጅኖ ቀጭ ስላለ ብቻ አለት ነው ማለት አይደለም። ተራራው ራሱ ሊሆን ይችላል። ከላይ ተንከባልሎ የመጣ ትልቅ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ሰው የደረደረው ካብም ሊሆን ይችላል፤ በዚያ አገር የጥንት ሰዎች አፈሩ እንዳይሄድባቸው የሠሩት እርከን በየቦታው ተቀብሮ ይገኛል። ከካቡ አናት ላይ አፈሩ ስንዝር ነው፤ ከካቡ ጀርባ ያጠራቀመው ግን የሰው ወገብ ሊደርስ ይችላል። ለመለየት ጉድጓዱን አንድ ሁለት እርምጃ ማስፋት ይበቃል። ይህን በቃሌ አውቀው ነበር። ለአዲስ ገቢዎች አስተምሬዋለሁ።

አንዱ ነጥብ በአጎቴ መሬት ላይ ዋለ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ በአገሩ የተከበረ ሽማግሌ። የቀበሌው ሰዎች አስጎብኚ አድርገው የሰጡን ደግሞ እሱኑ ነው። ዝምድናችን ሥራውን እንዳያበላሽ ብዬ ቀኑን ሙሉ «አስጎብኚያችን» እያልኩ ጠራሁት። እሱ «አንቺ ልጅ» ይለኛል።

በዚያ አገር ሜትር የያዘ ሰው ሲመጣ መጥፎውን መሬት ማሳየት የተለመደ ነው። ማንም ማንንም አይመክርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። መሬትህ ጥሩ ነው ከተባለ ግብር ይጨመራል፣ ወይም ተቆርሶ ለሌላ ይሰጣል ተብሎ ይፈራል። አጎቴም እየመራ ጠጠር ወደበዛበት ጥግ ወሰደንና በዱላው መሬቱን መታ።

«እዚህ ቆፍሩ።»

ጂፒኤሱን አየሁት። «ነጥቡ ወደ ታች አርባ እርምጃ ያህል ይቀረዋል» አልኩ።

«ታች ማሽላ አለበት። ሰብል ልትቆፍሩ ነው?»

ሰብል ላይ አይቆፈርም፤ ደንባችን ነው። ነጥቡ ሲዛወር ግን ፎርሙ ላይ መጻፍ አለበት። የቡድን መሪያችን ብቸኛዋ ግራር ሥር ተቀምጦ በባርኔጣው እያራገበ፣ «ያው ነው፣ ያው ተራራ ነው፣ ቆፍሩ» አለ። ቆፋሪያችን፣ ከጎረቤት ቀበሌ የመጣ ጎልማሳ፣ አራት ጊዜ መታ። በአምስተኛው ድጅኖው ጮኸ።

«አለቀ» አለ ቆፋሪው ደስ ብሎት።

ሜትሩን ሰደድኩ። አሥራ ስምንት።

«ሃያ በይው፣ ለኮምፒውተር ይቀላል» አለኝ መሪያችን።

«አሥራ ስምንት ነው» አልኩት።

«ሁለት ሴንቲሜትር ምን ይሆንሻል?»

«ያየሁትን ነው የምጽፈው።»

ትንሽ ተከራከርን። አሸነፍኩ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሬ፣ «ጉድጓዱን ትንሽ ወደ ጎን ብናሰፋውስ? ካብ እንዳይሆን» አልኩ።

አጎቴ ወደ ሸንተረሩ እያየ፣ «ድንጋይ ነው አይደለም የሚለውን አላህ ነው የሚያውቀው» አለ።

አጎቴ በሐሰት አይምልም። ያንን ስለማውቅ አለመማሉን ልብ አልኩ። እኔም «ወላሂ በሉኝ» አላልኩትም። የእናቴን ወንድም፣ ሽማግሌ ሰው፣ በቆፋሪና በሾፌር ፊት እንዴት አድርጌ! ፎርሙ ላይ «አለት» ብዬ ጻፍኩ። ነጥቡ ተዛውሯል የሚለውን ሣጥን ባዶ ተውኩት፤ ለምን ተዛወረ ተብዬ ብጠየቅ የምመልሰው አጎቴን የሚያስገምት ነበር።

የዙህር ሶላት ሰዓት ደረሰ። በጀሪካናችን የቀረችው ውኃ ለመጠጥም አትበቃም፤ በውኃ ፈንታ በአፈር ተየሙም ለማድረግ ንጹሕ አፈር ፈልጌ ወደ ታች ወረድኩ። ማሽላው ደረቴ ይደርሳል፤ የማሳው ዳር ላይ ቆምኩ። ቢስሚላህ ብዬ መዳፌን መሬቱ ላይ ሳሳርፍ እጄ ሰመጠ። ልም አፈር ነው። ጠጠር የለው፣ ምን የለው። ስሰግድ ግንባሬም አገኘው። አንድ ስንዝር ያህል አፈር ላይ፣ ዝናብ በጠፋበት በዚያ ዓመት፣ ደረት የሚደርስ ማሽላ እንደማይቆም ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እኔ ደግሞ ገብቻለሁ። ሰግጄ ጨረስኩ፣ እጄን አራገፍኩ፣ ወደ ሰዎቹ ወጣሁ። ለሁለት ሴንቲሜትር የተከራከርኩ ሰው ስለ አርባው እርምጃ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ከታክሲው ሰልፍ የወጣሁ ቀን ማታ ለአጎቴ ደወልኩለት።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ያን ቀን ትንሽ ዝቅ ብለሽ ብትቆፍሪ ምን ነበረበት?»

«አንቱ አይደሉ እንዴ ማሽላ አለ ያሉኝ?»

«ማሽላማ ነበረ።»

«ታዲያ?»

«ነበረ ነው የምልሽ። አልዋሸሁም።»

«አልዋሹም። ድጅኖው የነካውስ ድንጋይ?»

«እሱ የአያቶቼ ካብ ነው» አለ ቀለል አድርጎ፣ ሁሌም የማውቀው ነገር ይመስል። «ተምረሻል ተብሎ ካብና ተራራ ይጠፋሻል ብዬ አላሰብኩማ!»

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዘንድሮ የት ልዘራ ነው?» አለኝ። ሌላ መሬት እንደሌለው አውቃለሁ።

በማግስቱ ወረዳው ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ባለሙያ ትሑት ሰው ነው።

«ሪፖርቱን እናውቀዋለን» አለኝ። «እንደ እሱ በጥንቃቄ የተሠራ የለንም። አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር ብለው ነው የጻፉት። ሌላው ሁሉ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ነው። ስለዚህ አመንነው።»

«ስህተት አለበት። ነጥቡ ተዛውሯል።»

«ተዛውሯል የሚል የለውም እኮ።»

«አልጻፍኩትም።»

«መሬቱ የአጎትዎ ነው ይባላል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ይፍረዱ፣ እህቴ» አለኝ።

ፈረድኩ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ቃሌን አልቀበልም ነበር።

በሳምንቱ የአጎቴ ልጅ መልሳ ደወለች። የችግኙ ጉድጓድ በማሳው ላይ ተቆፍሮ አልቋል። «ጉልበት ድረስ ነው የወረደው» አለችኝ፣ «አንድም ቦታ ድንጋይ አልነካቸውም። ቆፋሪዎቹ እንዲህ ያለ መሬት አይተን አናውቅም እያሉ ነው የሄዱት።» ይህንንም ለባለሙያው ነገርኩት። የችግኝ ጉድጓድ የአፈር ጥናት ጉድጓድ ስላልሆነ ፎርም የለውም አለኝ። ሆኖም አንድ መንገድ አሳየኝ፤ ያን ቀን እዚያ ከነበሩት ውስጥ ከአጎቴ ዘመዶች ሌላ ሁለት ሰዎች ያዩትን ጽፈው ከፈረሙ፣ ክረምቱ ገብቶ ችግኙ ከመተከሉ በፊት ቦታው በድጋሚ ሊቆፈር ይችላል።

አጎቴ ራሱ ሄዶ እንዲናገር ለመንኩት። «ስንቱን ያስታረቅኩ ሰው፣ የመንግሥት ሰው ፊት ቆሜ ደብቄ ነበር ልበል?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላስቸገርኩትም። ፎርሙ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። አላህ ዘንድም የምጠየቀው እኔ ነኝ።

መሪያችን ከመሥሪያ ቤቱ ከወጣ ቆይቷል፤ ስልኩ አይሠራም። የሾፌሩን አድራሻ የሚያውቅ አላገኘሁም። ቆፋሪው ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዷል ይባላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ምናልባት አንዳችሁ ታነቡት ይሆናል፣ ወይም የሚያነብ ሰው ይነግራችኋል።

ያን ቀን እዚያ ተራራ ላይ የነበራችሁ፦ አንተ ግራሩ ሥር የተቀመጥከው፣ አርባ እርምጃ ይቀራል ስልህ ሰምተህ እንደሆነ ጻፍልኝ። አንተ ድጅኖውን የያዝከው፣ እጅህ የነካው ተራራ ነው ወይስ የተደረደረ ድንጋይ? ከእኔ ይልቅ የአንተ እጅ ያውቃል። ሾፌሩም መኪናውን ያቆምከው ከማሽላው አጠገብ ነበር፤ ቁመቱን አይተሃል። ለአጎቴ ብላችሁ አታዳሉ፣ ለእኔም አትዘኑ። አለት ነበር የምትሉ ከሆነ አለት ነበር ብላችሁ ጻፉ፤ እቀበላለሁ። ብቻ ሁለት ሆናችሁ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ ለወረዳው ላኩ።