ከላይ የሚመጣ እጅ

የያዙኝ ቀን ጫጩት እያበላሁ ነበር። ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ባለችው ጠባብ ሱቄ የአንድ ቀን ጫጩት አስመጥቼ፣ ወር ከምናምን አሳድጌ መሸጥ ነው ሥራዬ። ሁለት ሰዎች መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ባለፈው ሰኞ ሱቅሽን ለምን ዘጋሽ?» አለኝ አንደኛው።

ያ ሰኞ ከተማው በሙሉ አድማ መትቶ የዋለበት ቀን ነው። እኔም ዘግቻለሁ፣ አልዋሽም። «የነበሩት ተሽጠው አልቀዋል፣ መንገዱ ተዘግቶ አዲስ ጫጩት አልመጣልኝም። ምን ልሽጥ ብዬ ልክፈት?» አልኩት።

«ማን ነው ዝጊ ያለሽ?»

«ባዶው ሱቅ።»

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። የመኖውን ጣሳ ለጎረቤቴ ሰጥቼ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ ተከተልኳቸው።

ያስገቡኝ ክፍል የሲሚንቶ ወለልና ከራስ በላይ የሆነች አንዲት መስኮት አለው። ነሐሴ ነበርና ጣሪያው ያፈሳል። እርጥብ ልብስ ይሸታል፣ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ ይሸታል። እኔ ስገባ አሥራ ሦስት ሴቶች ሆንን። ገና ዓይኔ ጨለማውን ሳይለምድ አንዲት ባልቴት፣

«ጎሽ! ባለሱቋ መጣችልን። ምነው እጅሽን አወዛውዘሽ መጣሽሳ?» አለችኝ።

ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጥ፣ በገበያ የምታውቀኝ ሴት ናት። በአድማው ግርግር የተነሣ ዕለት የተሰበረ ገል ከደጇ ተለቅሞ ፖሊሶች ላይ ተወርውሯል። «አቀባይ ነሽ» ብለው ያዟት። «አርባ ዓመት ጀበና ስሠራ የጦር መሣሪያ መሥራቴን አላወቅሁም» እያለች ሁላችንን ታስቀን ነበር።

አንዷ ብቻ አትስቅም። ከመካነ ብርሃን ለትምህርት ወደ ጎንደር የመጣች ተማሪ ናት። ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አገጯ ግራና ቀኝ የጣት ምልክት አለበት፣ ወደ ቢጫነት የዞረ።

«መርማሪው የጓደኞችሽን ስም ጥሪ ብሏት፣ ዝም ስትለው አፏን በእጁ ሊከፍት ሞከረ» አለችኝ ሸክላ ሻጯ ዝቅ ብላ። «ጠባቂያችን ፖሊሷ ናት የነገረችን። ከዚያ ከተመለሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከውሃ በቀር በአፏ አልዞረም። ቃልም አልወጣት። እንዲህ እንዳለች እንዳትሞትብን እፈራለሁ።»

እህቴ ዳቦና እንጀራ በሽሮ ልካልኝ ነበር። እኔ እስላም ነኝ፣ እነሱ ክርስቲያኖች ናቸው። ፍልሰታ ስለነበር የነሱ ምግብ ጾም ነው፣ የኔም ሽሮ ነው፣ ሥጋ ከሌለ ከአንድ ሳህን የሚከለክለን ነገር የለም። እንግዲህ ልጅ ስትራብ አይቼ እንዴት ዝም ልበል? ቢስሚላህ ብዬ ደኅና አድርጌ ጠቀለልኩና ወደ አፏ ዘረጋሁ።

«በሞቴ፣ አንዲት ብቻ።»

ጭንቅላቷን ከግድግዳው አጣብቃ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዓይን አፋርነት መሰለኝ። «በልጆቼ ሞት!» ብዬ ጠጋ አልኩ። እኔ ሲደክመኝ ሸክላ ሻጯ ተካችኝ፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። አሥራ ሁለት ሴት ተራ በተራ ጉርሻ ይዘን በልጅቷ ላይ! ቅን ልባችን ነው የገፋፋን። እሷ ግን የጠጣችውን ውሃ አስመለሰችው።

በማግስቱ ጠዋት የምትጠብቀን ፖሊስ ካርቶን ታቅፋ ገባች። ገና ወጣት ናት፣ ክፉ አልነበረችም።

«እትዬ፣ ባለጫጩቷ እርስዎ ነዎት አሉ» አለችኝ። ከጣቢያው ወጥ ቤት ጀርባ የምታሳድጋት ዶሮ ነበረቻት። ጭልፊት ዶሮዋን ወስዷት አምስት ጫጩቶች ቀርተዋል። «ውጭው ብርድ ነው፣ ያልቁብኛል። እዚህ በእናንተ ትንፋሽ ይሞቃል ብዬ ነው።»

ሸክላ ሻጯ ካርቶኑ ውስጥ አጮልቃ አየች። «እነዚህስ በምን ተከሰሱ? ያለ ፈቃድ በመጮህ ነው?»

ፖሊሷ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አስሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ መሀላቸው አስቀመጥኩ። ጫጩት ሲበርዳት ጩኸቷ ስል ነው፣ ጆሮ ይወጋል። ሲሞቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወሬ የያዘች ትመስላለች። ወሬ እስኪይዙ ጠብቄ ለቀቅኳቸው። ሴቶቹ ወዲያው «ነይ! ነይ!» እያሉ ሊይዟቸው ተንጋጉ። ጫጩቶቹም ተበትነው ሄደው ሄደው ከተማሪዋ እግር ሥር ገቡ። በክፍሉ ውስጥ የማትንቀሳቀስ እሷ ብቻ ነበረቻ።

«ተዉ! ማንም እንዳይነካቸው!» አልኩ። ሥራዬ ላይ ስሆን ኩራት አለብኝ፣ አስተማሪ ያደርገኛል። «ጫጩት ከላይ የሚመጣባትን እጅ ሁሉ ጭልፊት ነው የምትለው። እነዚህ ደግሞ እናታቸውን ጭልፊት ሲወስዳት አይተዋል። ደግ እጅ ይሁን ክፉ እጅ በምን ያውቃሉ? ጥሬም ብትይዢለት፣ አንዴ ከላይ የመጣ ነገር የነካው…»

ዓይኔ የተማሪዋ አገጭ ላይ አረፈ። 

የትናንቱ ጉርሻዬ ታየኝ። ከላይ ነበር የዘረጋሁት፣ ያውም እየማልኩ።

ሸክላ ሻጯን ወደ ጎን ጠራኋትና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳያጎርሳት» አልኳት።

«ሴትዮ፣ አብደሻል? ልጅ እየራባት እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ነውር አይደለም?»

«ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ።»

ሁለት ክንድ ያህል ርቄ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። የእጄን ጀርባ ከወለሉ አጣብቄ መዳፌን ዘረጋሁና የዳቦ ፍርፋሪ አደረግኩበት። በሌላኛው እጄ ጥፍር ወለሉን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረግኩ። እናት ዶሮ ጥሬ አገኘሁ ብላ ስትጠራ መሬቱን በመንቁሯ የምትመታው እንዲህ ነው። አይያዝም፣ አይባረርም፣ ትክ ተብሎ አይታይም። እጁ ባለበት ቦታ ይቆያል፣ መምጣት የነሱ ፈንታ ነው። የቀረውን ዳቦ በሳህን አድርጌ ከተማሪዋ ጎን አኖርኩ። እሷንም አላየኋት።

የመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። ክንዴ ደነዘዘ። ሸክላ ሻጯ በበኩሏ፣ «እንግዲህ ዳቦ ብሉልኝ ብለሽ ጫጩት ስትለምኚ ፍልሰታ ሊፈታ ነው» ትለኛለች። በሁለተኛው ቀን ነጠብጣቧ ጫጩት አንገቷን አስግጋ አንዲት ፍርፋሪ መንጭቃ ሮጠች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መዳፌ ላይ ወጡ። የጫጩት እግር መዳፍ ላይ ሲቆም ብርድ ብርድ ይላል፣ ይኮረኩራል። እስር ቤት መሆኔን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

የዚያኑ ዕለት ሳህኑን ሳነሣ የዳቦው ጠርዝ ተቆርሷል።

«ጫጩቶቹ ይሆናሉ» አልኩ።

ሸክላ ሻጯ ዳቦውን አገላብጣ አየችው። «ጫጩት ጥርስ ካወጣ እንጃ» አለችኝ በሹክሹክታ።

በሦስተኛው ቀን ከጥጉ በኩል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ሰማን። ተማሪዋ ጥፍሯን ወለሉ ላይ እየመታች ነው። አምስቱም ጥለውኝ ሮጡ። አንድ ፍርፋሪ ለነሱ ትጥላለች፣ አንድ ወደ አፏ ትሰዳለች። እኛ ሁላችን ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርን። ስለ ዝናብ ያን ያህል የሚወራ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

ሁለት ቀን እንዳለፈ፣ ረፋድ ላይ መርማሪው ገባ። ሁላችን ተነሣን። ተማሪዋ ተቀምጣ ቀረች፣ ጫጩቶቹ እግሯ ሥር ነበሩ። ሊወስዳት የመጣ መሰለኝ።

«ጫጩት ታለምዳላችሁ አሉ» አለ። ፈገግ ብሏል። «ትንሽ ልጅ አለችኝ። አንዷን ልውሰድላት።»

ጎንበስ ብሎ እጁን ከላይ ሰደደ። ብትን አሉ። ሲከተላቸው በእግራችን መሀል ገቡ። ደግሞ ሰደደ። በሦስተኛው ባርኔጣው ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አልሳቀም። ፈገግታው ጠፋ።

ያኔ ነው ድምፅ የሰማነው። መጀመሪያ አንዳችንም አላወቅነውም።

«ከላይ አይያዙም።»

መርማሪው ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ከላይ የሚመጣ እጅ ይፈራሉ» አለች ተማሪዋ። ድምፅዋ የሻከረ ነው፣ ግን አይንቀጠቀጥም። «ዝቅ ይበሉ።»

በሩ ላይ የቆመችውን ፖሊስ አየ፣ እኛን አየ። ልጁን አስቦ ይሁን አፍሮ፣ አላውቅም፣ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«እጅዎን መሬት ላይ ያድርጉ። ጨብጠውታል፣ ይክፈቱት።»

ከፈተው። ያ እጅ ነው። እሷም አየችው፣ እኛም አየነው። ዳቦ ቆርሳ ወለሉ ላይ ወደሱ ገፋች፣ ወስዶ መዳፉ ላይ አደረገ። ጫጩቶቹ ከእግሯ ሥር ሆነው በአንድ ዓይናቸው አዩት። አልመጡም።

«እስኪለምዱ ስንት ቀን ይፈጃል?» አላት።

«እንደ እጁ ነው።»

 ጥቂት እንደተቀመጠ ተነሣ፣ ባርኔጣውን አራገፈ፣ ጫጩት ሳይወስድ ወጣ። በሩ ተቆለፈ። ተማሪዋን በኋላ ይጠሯታል ብለን ፈርተን ዋልን። ያን ቀን አልጠሯትም። እኔ እስክፈታም ድረስ አልጠሯትም።

«ሸጋ አልሽው!» አለች ሸክላ ሻጯ፣ ገና በሩ እንደተቆለፈ።

ተማሪዋ ወደኔ ዞረች። «እትዬ፣ ዳቦ ተርፏል?»

ከሁለት ወር በኋላ፣ ለምን እንደያዙኝ ሳይነግሩኝ፣ ለምን እንደለቀቁኝም ሳይነግሩኝ ወጣሁ። እሷ ከኔ በኋላ ተፈታች። ጫጩቶቹን ፖሊሷ ቤቷ ወሰደቻቸው። እኔ ዛሬም አራዳ ጫጩት እሸጣለሁ። ገዢ ሲመጣ ሳልጠየቅ፣ «መጀመሪያ መሬት ተቀመጡ» እላለሁ። የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። የኔ ጫጩት እጅ ላይ ትወጣለች።

ተማሪዋ አሁን አገሯ ገብታ ታስተምራለች። በቀደም ለሥራ መጥታ ቤቴ ምሳ በላች። ሳህኑን ከፊቷ አኖርኩና እጄን ጭኔ ላይ ሰበሰብኩ፣ ልማድ ሆኖብኛል። እሷ ጠቀለለች። ወደ አፌ አልገፋችውም። ከደረቷ ትይዩ፣ መሀላችን ላይ ይዛው ጠበቀችኝ።

እኔው አንገቴን አስግጌ ጎረስኩ።

«አንድ ያጣላል» አለችኝ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።