የአንድ ስንዝር መስኮት

ገና ልጅ ሳለሁ፣ እኛ የኮልፌ ልጆች ማምሻውን ተሰብስበን የምንሰማው ተረት ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ አልነበረም። ተረት ነጋሪያችን ጋሽ ይርዳው ነበሩ። በድሬሰርነት ብዙ ዘመን ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ነበሩ፤ ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር። ያኔ መብራት ሁሉም ቤት አልገባም ነበርና፣ በፋኖስ ብርሃን፣ ፍሙ በጋለ ማንደጃ ዙሪያ ሰሌን ላይ ተቀምጠን አፍ አፋቸውን እናያለን። ክረምት ቢሆን እንኳ መስኮታቸውን አንድ ስንዝር ሳይከፍቱ ከሰል ወደ ቤት አያስገቡም። በብርዱ ስናጉረመርም «ንፋሱ እንግዳችን ነው፣ ቦታ ልቀቁለት» ይሉናል።

የእሳቸው ተረት ንጉሥም ይኑረው ሽፍታ፣ መጨረሻው አንድ እውነተኛ ነገር ላይ ያርፋል፤ ጨው ላይ፣ ዝገት ላይ፣ ደም ላይ። ከሁሉ አብልጦ ውስጤ የቀረው ግን የኦክስጅን ተረት ነው። አንድ ምሽት ጧፍ ለኩሰው መሬት ላይ አቆሙና ብርጭቆ ደፉበት። ነበልባሉ አጠረ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። ብርጭቆው ውስጥ ቀጭን ጭስ ብቻ ቀረ። የባለሱቁ ልጅ ከድር «አፈኑት እኮ» ሲል ሁላችን ሳቅን። ጋሽ ይርዳው ግን አልሳቁም። አየር ውስጥ የማይታይ፣ የማይሸት፣ ጣዕም የሌለው ነገር እንዳለ፣ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ እሱ እንደሆነ፣ እሳቱም እኛም የምንኖረው እሱን እየበላን እንደሆነ ነገሩን። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲያንሰው ከሰል ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ሽታ የሌለው መርዝ ይተፋል፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል አሉ።

ከዚያ ወደ ስሙ መጡ። ኦክስጅን ማለት በግሪኮች ቋንቋ «ኮምጣጣን የሚወልድ» ማለት ነው። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ፈረንሳዊ ሊቅ፣ የሚኮመጥጥ ነገር ሁሉ የሚኮመጥጠው በእሱ ምክንያት ነው ብሎ አመነና ይህን ስም አወጣለት። ሆምጣጤ ውስጥስ በእርግጥ አለ። በኋላ ግን ሌሎች ሊቃውንት ሲመረምሩ ኦክስጅን ጭራሽ የሌለበት አሲድ አገኙ፤ እዚሁ ሆዳችን ውስጥ ምግብ የሚፈጨው አሲድ እንኳ የለበትም። የመኮምጠጡ ምክንያት ሌላ ነበር።

«ታዲያ ስሙን ለምን አልቀየሩትም?» አልኩ።

«ሁሉም ለምዶት ነበራ፣ የኔ ልጅ» አሉ ፍሙን እየቆሰቆሱ። «እሱ እንደሆነ አፍ የለው። እኔ አልወለድኩም ብሎ አይከራከር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከድር ፊቱን ባኮሳተረ ቁጥር «ኦክስጅን መጣ» እንለው ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት እናቴ እህቴን ወለደች። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና አሰብ መንገድ ላይ ነው፤ የአራስ ቤቱን የያዘችው የአባቴ እህት፣ አክስቴ በላይነሽ ነበረች። አራሷን ንፋስ እንዳይመታት ተብሎ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ፣ የግድግዳው ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ተወተፈ፣ ማንደጃው አልጋው አጠገብ ገባ። በሰባተኛው ቀን ጋሽ ይርዳው ሊጠይቁ መጡ። ቤቱን ዙሪያውን ቃኙ፣ ከእናቴ ጋር ጥቂት ተጨዋወቱ፣ ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅዱ የእንጨቷን መስኮት አንድ ስንዝር ከፍተው ከሰሉ ካልወጣ እንዳትዘጋ አሉ። ሲወጡም ወደ እኔ ዞረው «አንተ ታውቃለህ፤ ጠብቅ» አሉኝ። ኮራሁ።

ገና ከግቢው ሳይወጡ አክስቴ ተነሳች። «ይሄ ሰውዬ አራስ ሊገድል ነው እንዴ? ሂድ ዝጋው፣ በጨርቅም ወትፈው» አለችኝ። ጧፉን አሰብኩ፤ ብርጭቆውን አሰብኩ። «ጋሽ ይርዳው እኮ…» ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ዓይኗን ሳይ አቆምኩ። እናቴም ፈገግ ብላ «ተው ልጄ፣ እሺ በላት» አለችኝ። ዘጋሁት። ጨርቁንም በጣቴ እየጠቀጠቅኩ አጥብቄ ወተፍኩት፤ የታዘዝኩትን በደንብ መሥራት ያኔም ልማዴ ነበር።

አክስቴ ሕፃኗን ገላዋን ልታጥብ ወደ ሌላው ክፍል ይዛት ሄደች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሕፃኗ ለጡት ስታለቅስ እናቴን ልቀሰቅስ ገባሁ። ጉንጯ ቀልቶ ደኅና የተኛች ትመስላለች። ጠራኋት። ነቀነቅኳት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሮጬ ጨርቁን ነቀልኩ፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ጨርቁን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ያኔ ለምን ኪሴ እንደከተትኩት አላሰብኩም፤ ዛሬ ግን አውቀዋለሁ።

ጎረቤት ሲደርስ ያየው የተከፈተ መስኮት ነው። አክስቴ ደረቷን እየመታች፣ ያ ድሬሰር ከፍቶባት ንፋስ መታት ስትል የተጠራጠረ አልነበረም። ማን እንዳዘዘና ማን እንደዘጋው ሁለታችን እናውቃለን። ከሰዉ መሀል ዓይን ለዓይን ተያየን። እስክትሞት ድረስ ነገሩን አላነሳችብኝም፣ እኔም አላነሳሁባት።

ጋሽ ይርዳው ለቀብርም ለልቅሶም መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩባቸው። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ጥግ ጠሩኝና ተንበርክከው ዓይን ዓይኔን እያዩ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም። መስኮቱ ክፍት ነበር?»

«አዎ፣ ክፍት ነበር» አልኩ።

«እንግዲያ የማውቅ መስሎኝ ነው እንጂ አላውቅም ነበር ማለት ነው» አሉና ጭቃውን ከጉልበታቸው ጠርገው ሄዱ።

ይመኑኝ አይመኑኝ ቁርጡን አላወቅኩም። ከዚያ ወዲያ ግን ተረት አልነገሩም። እናቶች ልጆቻቸውን ወደዚያ ቤት መላክ አቆሙ፤ መርፌ የሚያስወጋም ጠፋ። ሰፈሩ «ንፋሱ» ይላቸው ጀመር። ሲመሽ በደጃፋቸው ሳልፍ የፋኖሱ ብርሃን ይታየኛል፣ የፍም ብርሃን ግን የለም፤ ከሰል ማቀጣጠሉን ትተው በብርድ ይቀመጡ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሞቱ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ይርዳው ማረፋቸውን ሲለፍፍ አንዱ የትኛው ይርዳው ብሎ ጠየቀ። «ንፋሱ ናቸዋ» አሉት።

እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ስጠነቀቅ ኖርኩ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ነው የምቀመጠው። ጥቂት ገርበብ ሳደርገው ከኋላዬ «አባት፣ ይዝጉት እንጂ፣ ብርድ ሊያስመቱን ነው» ይሉኛል። እዘጋዋለሁ፤ ፌርማታዬ ሳይደርስም እወርዳለሁ።

ባለፈው ክረምት እህቴ ዘንድ፣ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ምትኬ ትባላለች፤ ክርስትና ስትነሳ አክስቴ ያወጣችላት ስም ነው። ልጇ ወልዳ ተኝታለች። መብራት ጠፍቶ ነበርና ማንደጃው ከነፍሙ አራሷ ክፍል ገብቷል፣ መስኮቱ ተዘግቶ መጋረጃው በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። እዚያው፣ አራሷ እየሰማች፣ ስድሳ ዓመት የያዝኩትን ሁሉ ለምትኬ ነገርኳት፤ ጨርቁን፣ ኪሴን፣ አጥሩ ጥግ የዋሸሁትን ጭምር። እናቷን ያሳጣኋት እኔ ነኝና ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትረግመኝ ይሻል ነበር።

ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «ጋሼ፣ አንተ ልጅ ነበርክ፣ ምን ታደርግ? ደግሞስ አንተ ከመዝጋትህ በፊት ንፋሱ ገብቶ ነበራ» አለችኝ።

ስለ ጧፉ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። የማንደጃውን ጆሮ በጋቢዬ ጫፍ ይዤ ብድግ አደረግኩና፣ ተው ስትለኝ ሳልሰማ ወደ በረንዳው አወጣሁት። ከዚያ ሁሉ ተረት እጄ ላይ የቀረው፣ አዋቂ ነኝ የምልበትም ሥራ፣ እሱ ብቻ ነው።

ከኋላዬ በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ በኩል የምትኬ ድምፅ ይሰማኛል። ለልጇ ታወራላታለች፤ በድሮ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ንፋሱ የሚባል ሰውዬ ነበር፣ አያትሽን የገደላት እሱ ነው ትላታለች። ፍሙ በዝናቡ እየተንሿሿ እስኪጠፋ ድረስ ብርዱ ላይ ቆምኩ።