ናጂና የኮልፌ ዓይን

ናጂ ሙቅቢል ከየመን መጥቶ ኮልፌ ውስጥ ሱቅ ከከፈተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያው ሰው፣ ያው ሱቅ፣ ያው ሽርጥ፤ የሰፈሩ ሰው ግን ትናንት ከባቡር እንደወረደ አድርጎ ነው የሚያየው። ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አትታይም። ስኳር ሲመዝን እጁን ያያሉ፣ ሲሰግድ ጀርባውን ያያሉ፣ አማርኛ ሲናገር አፉን ያያሉ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይስቅ ነበር። በኋላ ሰለቸው፣ ከዚያም መፍራት ጀመረ። ከአማርኛ ተረትና ምሳሌ ሁሉ አስቀድሞ የለመደው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሌሎቹን ሳይማር በዚያችው ቀረ። በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ቶሎ ከሄደ ይጠረጥራል፣ ከቆየም ይጠረጥራል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለችው አንዲት እናት ናት፣ እሷም ባሕር ማዶ፣ ተራራ ላይ።

በዚያ ዓመት ደግሞ የሚያስጠረጥር ነገር አልጠፋም። መንግሥትና አንዳንድ የአረብ አገሮች ነገር ከሮባቸው ነበርና ሬዲዮው በየቀኑ ስለ አረብ ክፉ ክፉውን ያወራል። መርካቶ ውስጥ የአንድ አረብ ሱቅ በድንጋይ ተመታ ሲባል ሰማ። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይም የማያውቀው ሰው «እናንተ አሁንም እዚሁ ናችሁ?» አለው። ሰውየው እየሳቀ ነው የጠየቀው፤ ናጂ ግን ሦስት ቀን እህል አልወረደለትም። ሱቁን ጥሎ ይሂድ ወይስ ይቀመጥ? ያ ክረምት የገባው በዚህች ጥያቄ ነው።

ከዓይን ሁሉ አጥብቆ የሚፈራው የወዬሳን ነበር። ወዬሳ ከሱቁ ማዶ አጠና የሚሸጥ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ቁጥብ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሆለታ በአውቶቡስ የመጣ አንድ መንገደኛ ናጂ ሱቅ ቆም ብሎ የወዬሳ ታላቅ ወንድም መሞቱን ነገረውና «ለጎረቤት ንገርልኝ» ብሎት ሄደ። ለጎረቤት እንጂ ለወዬሳ አላለም። በእኛ አገር መርዶ በሱቅ መስኮት አይነገርም። በናጂ አገር ግን የአላህ ትእዛዝ አይደበቅም፤ ስለዚህ ወዬሳ ላምባ ሊገዛ ሲመጣ፣ ጠርሙሱን ሞልቶ እያቀበለው፣ «ወንድምህ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት» አለው። ጠርሙሱ ከወዬሳ እጅ አመለጠና ደጃፉ ላይ ተሰበረ።

«የወንድሜን ሞት ከላምባ ጋር ቀዳህልኝ» አለው ወዬሳ፣ ከአርባው በኋላ። ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ ይገዛል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ናጂም ይህ ሰው አንድ ቀን ይበቀለኛል ብሎ ቆርጦ አመነ።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ውስጥ፣ ሰኞ ዕለት ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደሰንበት፣ ስኳሩ ረጥቧል ብለው ሳይጨቃጨቁ ገዝተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን ዝም ብለው ተቀብለው፣ ናጂን ከራሱ እስከ እግሩ አዩትና፣

«እንዲያው ደህና ነህ?» አሉት።

«ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«እኛማ ምን እንሆናለን» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ናጂ ያችን «እኛማ» ሲያመነዥግ ዋለ። እነሱ ምንም ካልሆኑ፣ የሚሆነው እሱ ነው ማለት ነው። ማክሰኞ ሁለት ሴቶች እየተሳሳቁ ወደ ሱቁ መጥተው እሱን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡ፤ አንደኛዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ የመጣችበትን ሳትገዛ ተመለሰች። ረቡዕ የጎረቤቱ የሽኩር ደጅ ጫማ ሞልቶበት አየ። ሽኩር መርካቶ የሚነግድ ሰው ነው፤ በሥራ ቀን ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ምን ይሠራል? ናጂ በዚያ በኩል ሲያልፍ ከውስጥ ይሰማ የነበረው ክርክር ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ቆይቶ ወዬሳ ወጣ። ከኋላው ደግሞ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ወጣ፣ የገዛ አገሩ የየመን ሰው፤ ናጂን ሲያየው ሰላምታውን እንደ ሌባ ወርውሮለት በጭቃው ፈጠነ። የአገሬም ሰው ሸጦኛል አለ ናጂ በልቡ።

ሐሙስ የሽኩር ሚስት ሀያቱ ሥጋ ወጥ በእንጀራ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት። ዒድ ካልሆነ በቀር ሳህን አምጥታለት አታውቅም።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እትዬ ሀያቱ?»

«ምግብ ነዋ። ከስተሃል።»

«ዛሬ ምን ቀን ሆኖ ነው?»

«ሰው የሚበላው ቀን ቆጥሮ ነው?» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። «እባክህ ናጂ፣ ብላ። አቅም ያስፈልግሃል።»

ለምኑ ነው አቅም የሚያስፈልገኝ? ሊደበድቡኝ ነው? ስትሄድ ጠብቆ ወጡን ለሱቁ ድመት ሰጠና ጎንበስ ብሎ አየው። ድመቱ በልቶ ጢሙን ልሶ ተኛ። ናጂ ግን ቀስ ብሎ የሚሠራ መርዝም አለ ብሎ እስከ አሥር ሰዓት ጠበቀው። የሀያቱ ወጥ እንዲያ ሆኖ ቀረ፤ በሰፈሩ የእሷን እጅ የሚያህል አልነበረም፣ ያሳዝናል።

ዓርብ ለገሃር ወርዶ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን ባቡር ቲኬት ቆረጠ። እሁድ ጠዋትን የመረጠው አስቦበት ነው፤ ክርስቲያኑ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ላይ ይሆናል፣ እስላሙም ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጋደም ይላል፣ መንገዱ ባዶ ነው። ሱቁን እንዳለ ቆልፎ ይሄዳል። ሻንጣው ውስጥ ልብሱን፣ ሬዲዮውንና ለእናቱ የገዛውን የሐር ሻሽ ከተተ። የእናቱ ዓይን ደክሟል ብለው ከአገር ቤት ጽፈውለት ነበር። ይድከም፣ ከዚህ ሁሉ ከሚያይ ዓይን የእሷ የማያይ ዓይን ይሻለኛል አለ። ሻሹን አጣጥፎ ሻንጣውን ሲዘጋ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ልቡ ቀለል አለው።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ሽርጡን ትቶ ሱሪ ለበሰ፣ ሻንጣውን በሩ ሥር አቆመ። መቀርቀሪያውን ሊስብ እጁን ሲዘረጋ ከውጭ ጭቃ የሚረግጥ እግር ሰማ። የአንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ነው፣ የሚናገር ግን የለም። በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ አየ። ፊት ፊት ወዬሳ፣ አቶ ወልደሰንበት ከነከዘራቸው፣ ሽኩር፣ ያ የአገሩ ሰው፣ ሴቶቹ ከኋላ። ሁለት ጎልማሶች ረጃጅም አጠና ተሸክመዋል። ቅዳሴውን ትተው መጡብኝ አለ። ከባንኮኒው ላይ የሁለት ኪሎውን የሚዛን ድንጋይ አነሣ።

«ናጂ፣ ክፈት። ወዬሳ ነኝ።»

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ክፈት፣ ወንድሜ።»

ወንድሜ ብሎት አያውቅም። ናጂ ይህችንም ጠረጠራት፤ ግን ሌላ በር አልነበረውም። ድንጋዩን ከጀርባው ደብቆ ከፈተ።

አንድ በአንድ ገብተው በጆንያው በሳጥኑ ላይ ተቀመጡ፤ ቦታ ያጡት ግድግዳ ተደገፉ። ሽኩር በግራ፣ ወዬሳ በቀኝ ትከሻውን ያዙት። የያዙት እንዳይወድቅ ነበር፤ ናጂ ግን እንዳያመልጥ መሰለው።

«ተቀመጥ» አለው ወዬሳ።

«ቆሜ ልስማ።»

«እንዲህ ያለውን ቆመው አይሰሙትም።»

ተቀመጠ። አቶ ወልደሰንበት የሚጀምሩ መስለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወዬሳ ግን ቀድሞ ናጂ ፊት በርከክ አለ።

«ናጂ፣ ሁላችንም የተውሶ ነን። እኔ አባቴን ቀብሬያለሁ፣ የወንድሜን ነገር አንተም ታውቃለህ። አቶ ወልደሰንበት ልጃቸውን ቀብረዋል። እዚህ ከተቀመጠው ያልቀበረ የለም። ዛሬ ተራው ያንተ ሆነ። እናትህ አርፈዋል። በአልጋ ብዙ አልተሠቃዩም፣ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ደብዳቤው ለአገርህ ሰው ነው የመጣለት። እሱም ሰው ነውና አንተ ዘንድ ብቻውን አልመጣም፣ መጀመሪያ ወደ እኛ መጣ።»

ድንጋዩ ከናጂ እጅ አመለጠና ወለሉን መታ። ማንም ለምን እንደያዘው አልጠየቀም። ናጂ አለቀሰ። ሀያቱ ሳምንቱን ሙሉ ያፈነችውን ለቀቀችው፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ውጭ አጠናው መተከል ጀመረ፤ ለካ የድንኳን ነው። ናጂ ይጠሉኛል ብሎ እድሩ ውስጥ አልገባም ነበርና የእድሩ ድንኳን ለእሱ አይወጣም። ረቡዕ ሽኩር ቤት ያከራከራቸው ይኸው ነበር። በመጨረሻ ሸራውን ሽኩር ከመርካቶ ተዋሰ፣ አጠናውን ወዬሳ ከራሱ ክምር አወጣ።

ሀያቱ በእንባዋ መካከል ሻንጣውን አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ሊሄድ ነበር እንዴ?» አለች፤ ወዲያው ተቆጣች። «ቀድሞ የነገረው ማነው? ማነው ብቻውን ሳለ የነገረው?»

ሁሉም ዞሮ ሻንጣውን አየ፤ ከዚያ ናጂን አየ። ናጂ ምን ይበል? ፈራኋችሁ ይበል? ወጡን ለድመት ሰጠሁ ይበል? ወዬሳ የናጂን ሱሪ አየ፣ ሬዲዮው የነበረበትን ባዶ መደርደሪያ አየ፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ድንጋይ አየ። ገባው። እንደገባውም ናጂ አወቀ።

ወዬሳ ተነሥቶ ድንጋዩን አነሣና ሚዛኑ አጠገብ መለሰው። ሻንጣውን ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ፣ ከስኳሩ ጆንያ ሥር ሸጎጠው።

«ማንም አልነገረውም» አለ። «ልቡ ነግሮት ነው።»

«የእናት ነገር» አለች ሀያቱ፣ እንደገና እያለቀሰች።

ናጂ አንገቱን ደፋ። አሥራ አንድ ዓመት ዓይናቸውን ሲፈራ ኖሮ፣ ያን ጠዋት ቀና ብሎ ወዬሳን ማየት አቃተው።