ሳይጫኑ የሚለሰን

ሰፈሩ «መስታወት» ብሎ የሚጠራው፣ እሱ በለሰነው ግድግዳ ፊት ሰው ፀጉሩን ያበጥራል እየተባለ ስለሚወራ ነው። ወሬውን ያስወራው ራሱ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲያሳምር ኖሮ፣ የገዛ ቤቱ የጓሮ ክፍል ግን ብሎኬቱ እንዳገጠጠ ነበር። ሚስቱ ባነሳችበት ቁጥር «ነገ» ይላታል። ነገ እየተባለ ሃያ ሰባት ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በዚያ ክፍል የሚተኙት አባቱ ናቸው። እሳቸውም ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ለሳኝ ነበሩ፤ ሙያውን ያስያዙት እሳቸው ናቸው። አምና ብርዱ ሳንባ ምች ጥሎባቸው ለጥቂት ተርፈዋል። ዘንድሮም ቅዝቃዜው ገና ሲጀምር ሳሉ ተመለሰ። ይኼኔ ሌላ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ደወለች።

«እሑድ እመጣለሁ» አለችው። «ክፍሉ እንደ አምናው ከሆነ አባባን ይዤያቸው ነው የምሄደው። እንዳትከራከረኝ።»

«እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እናቱ ካረፈች ወዲህ ከአባቱ ተለይቶ አድሮ አያውቅም፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ያፍራል እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

በማግስቱ ሕንፃ መሣሪያ ቤት ሄዶ ሙቀት ይይዛል የተባለውን ልስን ገዛ። ከረጢቱ ግዙፍ ነው፣ ክብደቱ ግን ምንም። ውስጡ ዱቄትና እፍ ቢሉት የሚበሩ ነጫጭ ፍሬዎች ናቸው። ሻጩ «ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው አየር ነው» አለው። «ሦስት ጣት ያህል አወፍረህ፣ ሳትጫን ለጥፈው። ከረጢቱ ላይ ተጽፏል።»

መስታወት አንጀቱ አረረ። ሃያ ሰባት ዓመት ለስኖ፣ አሁን ከረጢት ሊያስተምረው ነው? ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎት ወጣ።

ሥራውን ሲጀምር አባቱ ብርድ ልብስ ተከናንበው በሩ ላይ ወንበር አስቀመጡ። «ጫን በለው እንጂ!» አሉ። «ልስን ካልተጫንከው ይንቅሃል።»

እሱም ተጫነው። ፍሬዎቹ በማለስለሻው ጣውላ፣ በፍራታሶው ሥር እየተንጫጩ ሲደቁ ይሰማዋል፤ ልስኑ እየታዘዘለት መስሎት ደስ አለው። ወፍራም ልስን የጀማሪ ሥራ ነው ብሎ ስለሚያምን አንድ ጣት እስኪሆን አሳሳው። በላዩ ደግሞ ሲሚንቶ ቀብቶ አሸው፣ ወለወለው። ስድስት ከረጢት ሳይነካ ሲተርፍ ሻጩን ትርፍ አስታቀፈኝ ብሎ አማው እንጂ ራሱን አልጠረጠረም። መቼም ራሱን ጠርጥሮ አያውቅም።

ግድግዳው ሲደርቅ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው መልካቸውን አዩበት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት «አባባ፣ ሞቆዎት አደሩ?» ይላቸዋል።

«ላብ በላብ ሆኜ ነው ያደርኩት» ይላሉ።

ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ፤ ሁለት ሰው ደግሞ የእኔንም ሥራልኝ ብሎ ቀጠረው። ቅዳሜ ከሰዓት አባቱ ጋደም ባሉበት ብርድ ልብሱን ሊያስተካክልላቸው ገለጥ ቢያደርገው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል፤ ከሥር ሁለት ሹራብ፣ እግራቸው ላይ ካልሲ በካልሲ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። በረዶ ነው።

አባቱ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ታፈጥብኛለህ? ደስ ብሎህ ነበር፣ ዝም አልኩ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ያን ቀን የሚስቱን መነጽር ተውሶ ከረጢቱን አነበበ። አትጫን ይላል፤ ተጭኗል። አታሳሳ ይላል፤ አሳስቷል። በሲሚንቶ አትድፈነው ይላል፤ ደፍኖታል። አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ጥፋቱን እየመዘገበ የጻፈው ይመስል አንድም የቀረ የለም። ሚስቱ መነጽሯን ከዓይኑ ላይ ወስዳ በተራዋ አነበበችና ከረጢቱን መልሳ አስታቀፈችው። ብትሰድበው በወደደ።

እሑድ እህቱ መጣች። አባቱ ለእሷ ብለው ካፖርታቸውን አውልቀው በአንድ ሸሚዝ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል።

«ወይ ሲያምር!» አለች ግድግዳውን እያየች። «አባባ፣ አሁንስ ይሞቃል?»

«ይ-ይሞቃል ልጄ።»

ደጅ ሲጠብቋት የበረዳቸው መስሏት ቦርሳዋን አስቀመጠች። በቃ፣ አለቀ። መስታወት አፉን ቢዘጋ አባቱ እዚያው ይቀራሉ፤ ስሙም እንዳማረበት ይኖራል። እግዜር ይቅር ይበለው፣ ለአንድ አፍታ ዘግቶትም ነበር። ከዚያ አባቱ ሳሉ።

«እትዬ፣ ይዋሻሉ» አላት። «ክፍሉ በረዶ ነው። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፣ ማንበብ ንቄ። አስር ቀን ውሰጂያቸው፤ አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ።»

አባቱ የሸጣቸው ያህል አዩት። እህቱ ልብሳቸውን መሰብሰብ ጀመረች።

መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ሽማግሌው በመስኮቱ በጣታቸው ጠሩት።

«አስር ቀን ነው ያልከው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ስምንት አድርገው። እሷ ቤት ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ የምቆጣው ሰው አላገኝም።»

መኪናው ከሄደ በኋላ መዶሻና መሮ ይዞ ወደ ጓሮ ክፍል ገባ። አልጋው ተነጥፏል፣ ባዶ ነው። የአባቱ ነገር ትዝ ብሎት ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው ቀደመው። አቧራ ገባብኝ እንዳይል፣ ግድግዳው ገና አልተነካም።